የብዙ ጊታር ዘፈንን በአንድ አኮስቲክ ጊታር ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባንድ የተጫወተውን ዘፈን ብቻቸውን በአንድ ጊታር መጫወት የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምረን።

ሁለት ሦስት ጊታር ያለበት ዘፈን በአንድ ጊታር ይቻላል?

እንዳለ ለመገልበጥ ከሆነ አይቻልም። ጊታሩ ያለው 6 ክር ነው። ክሩን የሚይዘው ግራ እጅ ደግሞ በ4 ጣት ይሠራል። ባንዱ ውስጥ ግን ሪትም ጊታሩ (ኮርድ እየመታ የሚያጅበው) ብቻውን 6ቱንም ክር ሊይዝ ይችላል፤ ሊዱ (ዜማና ሶሎ የሚጫወተው ጊታር) ከላይ ይሮጣል፤ ቤዙ ከታች የራሱን ይሄዳል። የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፦ ሰሚው ገና ከመጀመሪያው «ይሄማ ያ ዘፈን ነው!» እንዲል ማድረግ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ዜማው፣ ቤዙ፣ ምቱ፣ ከዚያ ዘፈኑን ከሌላው የሚለይ አንድ ሁለት ቁራጭ። ከላይ ዜማው፣ ከታች ቤዙ በትክክል ከተሰማ መሃል ያለውን ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎችን) ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። የኢግልስ ባንድን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የምታውቁ የባንዱን ጊታሪስት ዶን ፌልደርን መድረክ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ባለ ሁለት አንገት ጊታር ነው የሚይዘው፤ አንዱ አንገት 12 ክር፣ ሌላው 6 ክር። ያም ሆኖ በባንዱ ውስጥ አጠገቡ ሌላው ጊታሪስት ጆ ዋልሽ ነበር፣ ቤዝ ነበር፣ ከበሮ ነበር። እኛ ያለን አንድ አንገት ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

ከየት ልጀምር? መጀመሪያ ኮርዶቹን ልፈልግ?

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከኮርድ ነው፤ ብዙውም እዚያው ይቀራል። ኮርዱን ይዞ ሲመታ ዘፋኝ የሌለው አጃቢ ይሆናል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ዜማውን በአፋችሁ አንጎራጉሩት። ሙሉውን ሳትሳሳቱ ማንጎራጎር ካልቻላችሁ ጊታሩን ገና አትንኩት። ከዚያ በሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ አንድ አንድ ኖታ እያላችሁ ፈልጉት።

ቀጥሎ ቤዙ። በስልክ ስፒከር የቤዝ ጊታር ድምፅ አይጨበጥምና ማዳመጫ አድርጉ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.5 ማውረድ ይቻላል፤ ኪዩ (ዘፈኑ የተመሠረተበት ኖታ) አይቀየርም። ሌላም አለ፦ ብዙ ቀረጻዎች ላይ አንዱ ጊታር በግራ ጆሮ፣ ሌላው በቀኝ ጆሮ ነው የሚመጣው። አንዱን ማዳመጫ አውልቃችሁ አንዱን ጊታር ብቻ ስሙ፤ ከዚያ ቀይሩ። አንድ የመሰላችሁ ነገር ሁለት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኮርዱ መጨረሻ ይምጣ። ዜማውንና ቤዙን ካገኛችሁ ኮርዱ በግማሽ ተገኝቷል።

ከኢንተርኔት ያገኘሁት ታብ አይበቃም?

ለመነሻ ይበቃል። ግን አብዛኛው ታብ (ጣት የት ክር ላይ የት እንደሚያርፍ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) የሚጽፈው አንዱን ጊታር ብቻ ነው፤ ወይ ሪትሙን፣ ወይ ሶሎውን። ለአንድ ጊታር የተቀናበረ ታብ ቢገኝ እንኳ ሌላ ሰው ለራሱ ጣት ያደረገው ምርጫ ነው። ጣታችሁ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ኖታ ለመቀነስ ፈቃድ አትጠይቁ።

ምን ዓይነት ጊታር ይሻላል?

ያላችሁ። የብረት ክር ያለው ድምፁ ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ለብሩህ ዜማ ይመቻል። የናይለን ክር ያለው ለጣት ይለሰልሳል፣ አንገቱም ሰፋ ስለሚል ክሮቹ አይጣበቡም። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከራቀና መያዝ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ባለሙያ ያስተካክለው። ለኮርድ ምት ብቻ ያስችል የነበረ ጊታር ዜማና ቤዝ አንድ ላይ ሲመጣ ጣት ይጨርሳል።

በፒክ ልምታ በጣት?

በጣት። ፒክ (ክር መምቻዋ ትንሽ ፕላስቲክ) ተራርቀው ያሉ ሁለት ክሮችን በአንዴ መምታት አይችልም፤ የእኛ ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል እሱ ነው። አውራ ጣት 6ኛውን (በጣም ወፍራሙን)፣ 5ኛውንና 4ኛውን ክር ይይዛል፤ ማለትም ቤዙን። ጠቋሚ ጣት 3ኛውን፣ የመሃል ጣት 2ኛውን፣ የቀለበት ጣት 1ኛውን። ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው።

ዋናው ነገር አውራ ጣት ከሌሎቹ ነፃ መውጣቱ ነው። አሜሪካኖቹ መርል ትራቪስና ቼት አትኪንስ ስማቸውን የተከሉት በዚሁ ነው። ከእነሱ የተማረው አውስትራሊያዊው ቶሚ ኢማኑኤልም አንድ ጊታር ይዞ ባንድ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ፒክ ይሰካል፣ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይጫወታሉ። ልምምዱ አሰልቺ ነው፦ ቤዙን በአውራ ጣት ብቻ፣ አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር እያወራችሁ። ወሬው ቤዙን ካላደናቀፈው ዜማ ጨምሩበት።

የትኛውን ጊታር ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?

አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ቢወጣ ዘፈኑ ይታወቃል? የሪትም ጊታሩ ቻካ ቻካ ቢወጣ ይታወቃል፤ እሱ መጀመሪያ ይሂድ። የመግቢያው ሐረግ ቢወጣ አይታወቅም፤ እሱ አይነካም። ሁለት ጊታሮች አንዱን ነገር አንድ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ አንዱ ይበቃል።

ብዙዎች የማያስተውሉት፣ ሊድ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ነው። ዘፋኙ ስንኙን ይጨርሳል፣ ጊታሩ ይመልሳል። ሁለቱ የሚመጡት በየተራ ስለሆነ አንድ እጅ ሁለቱንም ይችላል። የሚጋጩበት ቦታ ላይ ዘፋኙ ያሸንፋል፤ ጊታሩ ይዝለል።

ከዚህ ወጣ የሚሉ ዘፈኖች አሉ። የሮሃ ባንድን ሥራዎች አድምጡ። የሰላም ሥዩም ጊታር አለ፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝም ራሱን የቻለ ዜማ ነው። እንዲህ ያለ ቤዝ «መሠረት ብቻ» ተብሎ በአንድ በአንድ ኖታ ከተተካ ዘፈኑ ግማሽ ጎኑን ያጣል። እዚያ ላይ እኔ ቤዙን እንዳለ ይዤ ከላይ ያለውን ዜማ አሳሳዋለሁ፤ መሃል ደግሞ ባዶ ይሁን።

ኪይ ብቀይር ዘፈኑን አበላሸሁ ማለት ነው? ካፖስ ማጭበርበር አይሆንም?

ኪይ የሚመረጠው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው። «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ራሱ ፌልደር መጀመሪያ የቀረጸው በኢ ማይነር ነበር፤ ለዘፋኙ ዶን ሄንሊ ድምፅ ከፍ ስላለበት ቢ ማይነር ላይ አረፈ። ዘፋኝ ከሌለ ኪዩን ለጣት መምረጥ መብታችሁ ነው። ካፖም አንገቱ ላይ ተቆንጥጦ ክሮቹን በሙሉ የሚጫን መሣሪያ ነው፤ ማንንም አያጭበረብርም።

በዚሁ ዘፈን እንየው። ስንኙ የሚዞረው በ8 ኮርድ ነው፦ ቢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ። ያለ ካፖ ስትጫወቱት ሦስት ቦታ ላይ ባሬ አለ፤ ጠቋሚ ጣት ሁሉንም ክር ተጭኖ ታስሯል። አሁን ካፖውን 2ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፋፈለ ክፍል) ላይ አድርጉ። አያያዙ ኤ ማይነር፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ዲ ማይነር፣ ኢ ይሆናል። የሚሰማው ያው ቢ ማይነር ነው። ባሬ የሚያስፈልገው ኤፍ ብቻ፤ እሱም በ4 ክር ብቻ ከተያዘ ይቀራል።

ትልቁ ጥቅም ግን ቤዙ ላይ ነው። ከ8ቱ ኮርዶች የ5ቱ ቤዝ ባዶ ክር ነው፤ ማለትም ግራ እጅ ሳይነካው የሚመታ። ኤ ማይነር ላይ 5ኛው ክር፣ ሁለቱ ኢ ላይ 6ኛው፣ ዲ እና ዲ ማይነር ላይ 4ኛው። አውራ ጣት ባዶ ክር ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች በሙሉ ለዜማው ይቀራሉ። ኪይ ስትመርጡ የምትፈልጉት ይህንን ነው።

ዜማው ኮርዱ ውስጥ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከፍታው ነው። የወንድ ድምፅ የሚያርፈው ጊታሩ መሃል ላይ ነው፤ 4ኛውና 3ኛው ክር አካባቢ። ከዜማው በላይ ሌሎች ክሮች እየጮሁ ከሆነ ጆሮ የሚይዘው ከላይ ያለውን ነው። ዜማውን በአንድ ኦክቴቭ (ያው ስም ያለው ቀጣይ ኖታ ድረስ) ከፍ አድርጋችሁ 1ኛውና 2ኛው ክር ላይ አውጡት። ከዜማው በላይ ምንም አይመታ።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። ሁሉንም ክር እኩል ከመታችሁ ሰሚው ዜማውን አይለየውም። ዜማው ጠንከር፣ ቤዙ መካከለኛ፣ መሃሉ ለስለስ ይበል። በስልካችሁ ቅዱትና ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አሰሙት። ዜማውን መልሶ ካንጎራጎረላችሁ ደረሳችሁ።

ዜማውና ቤዙ ተራርቀው ጣቴ አልደርስ ሲልስ?

መጀመሪያ የቤዙን ኦክቴቭ ቀይሩ። 6ኛው ክር ላይ ያለው ጂ 3ኛው ባዶ ክር ላይም አለ። ካልሆነ ቤዙን የመጀመሪያው ምት ላይ ብቻ ምቱትና ልቀቁት፤ ጆሮ ያስታውሰዋል። ዲ ኪይ ላይ ላሉ ዘፈኖች 6ኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ አውርዱት። ድሮፕ ዲ የሚሉት ይህ ነው፤ ወፍራም ቤዝ በነፃ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ቤዙን ተዉት። የተንጠለጠለ ዜማ ከተቆራረጠ ዜማ ይሻላል።

ከበሮ በሌለበት ምቱን እንዴት ልያዝ?

አውራ ጣት የከበሮውን ትልቁን ምት ይተካል። የቀኝ እጅን ጣቶች ክሩ ላይ ጠብ አድርጎ መጣል ደግሞ የስኔሩን (ጠቅ የሚለውን ትንሹን ከበሮ) ጠቅታ ያመጣል። የጊታሩን ሆድ መደብደብም አለ፤ እኔ ግን ብዙ አልወደውም። ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ዜማውን ግን ይሸፍናል።

ለሀገራችን ጭፈራ ዘፈኖች ቺክቺካውን ያዙ። እስከ 6 ቁጠሩ። አውራ ጣት 1 እና 4 ላይ ቤዝ ይምታ፤ ሌሎቹ ጣቶች 3 እና 6 ላይ አጠር አድርገው ይመልሱ። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ይላል። ዜማውን ከዚህ ላይ ስታስቀምጡ መጀመሪያ በጣም በዝግታ ይሁን፤ ሲፈጥን አጭሩ ምት ይዋጥና ቺክቺካው ይጠፋል።

ሁለት ሊድ ጊታሮች ተጣምረው የሚጫወቱት ሶሎስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የ«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ማብቂያ ላይ ፌልደርና ዋልሽ መጀመሪያ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ በኋላ ተጣምረው አብረው ይሄዳሉ። ከሥር የሚዞረው ያው 8ቱ ኮርድ ነው። ቅብብሉ አያስቸግርም፤ አንዱን በላይኛው ኦክቴቭ፣ ሌላውን በታችኛው ብትጫወቱት ሁለት ሰው ይመስላል። ወይም አንዱን ድልድዩ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የታሰሩበት) አጠገብ፣ ሌላውን ቀዳዳው ላይ ምቱ። ድምፁ ራሱ ይለያያል።

ጥምሩ ሲመጣ ከሁለቱ የላይኛውን ጊታር ያዙ፤ ዜማ ሆኖ የሚሰማው እሱ ነው። የታችኛውን እንዳለ ከሥሩ አስጠግታችሁ ለመያዝ ከሞከራችሁ ሁለት ጣት ተያይዞ መሮጥ አለበት፤ በፍጥነት አይሆንም። በአንድ ኦክቴቭ አውርዱት። 4ኛው ወይም 5ኛው ክር ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ደግሞ አውራ ጣት አለ። አሁን የታችኛው ጊታር ቤዝም ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ኖታ ላይ አታድርጉት፤ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር አንዴ ይበቃል። በፍጥነት የሚያልፈውን የላይኛው ብቻውን ይለፍ።

የሀገራችን ዘፈን ላይ ኮርድ ስጨምር ለምን ጣዕሙ ይጠፋል?

ኮርዱ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ኖታ ይዞ ስለሚገባ ነው። ቅኝቶቻችን 5 ኖታ ነው ያላቸው። ኮርድ ደግሞ የተሠራው ለ7 ኖታ ነው።

ከመልካሙ እንጀምር። ጊታርን በተለመደው አቃኘት አቃኝታችሁ ምንም ሳትይዙ 6ቱንም ክር ምቱ። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። እነዚህ ኖታዎች የጂ ትዝታ ሜጀር ናቸው፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ስለዚህ በዚህ ቅኝት የትኛውም ባዶ ክር ቢመታ አይሳሳትም። ዜማው ላይ እያላችሁ መሃል ክር ሳታስቡ ብትነኩ እንኳ ያምራል። ሌላ ኪይ ከፈለጋችሁ ካፖ አለ፦ 2ኛው ፍሬት ላይ ኤ ትዝታ፣ 5ኛው ላይ ሲ ትዝታ።

ትዝታ ማይነር ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በኤ ብትጫወቱት ኖታዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። 6ኛው፣ 5ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ባዶ ክር ሰላም ናቸው፤ 4ኛውና 3ኛው ግን ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። እነሱን ወይ ያዟቸው፣ ወይ አትንኳቸው።

አምባሰል ደግሞ ይብሳል። በኢ ላይ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ኢ ማይነር ብትመቱ ጂ ይገባል፤ ኢ ሜጀር ብትመቱ ጂ ሻርፕ ይገባል። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ጣዕሙን የሚያጠፋው ይህቺ አንድ ኖታ ናት። መፍትሔው ኢ እና ቢን ብቻ ከሥር ማስጮህ ነው፤ ባዶ ኮርድ እንደ በገና ይጎረብጣል፣ ያምራልም። ኮርድ ካስፈለገ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር አሉ፤ የሁለቱም ኖታዎች በሙሉ ከቅኝቱ ናቸው። የፒያኖ ወይም የኪቦርድ ኮርድ ያለበትን ቀረጻ እየሰማችሁ ከሆነ፣ እሱን አትከተሉ። ክራሩን ተከተሉ።

ዘፋኙ ድምፁን ሲስብና ሲያንቆረቁር በጊታር የት ላምጣው?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ዘፋኝ አንዱን ኖታ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይይዘዋል፤ ማሲንቆም ይይዘዋል። የጊታር ክር ከተመታ በኋላ እየሞተ ነው የሚሄደው። የተለመደው ስህተት ባዶውን ቦታ በኖታ መሙላት ነው። ዜማው ሲቆም ቤዙን አንቀሳቅሱት። ከላይ ያለው ኖታ እየደከመ ሳለ ከሥር ሁለት ሦስት ኖታ ከተራመደ ሰሚው ዜማው የሞተ አይመስለውም። በጣም ረጅም ከሆነ ኖታውን አንዴ ለስለስ አድርጋችሁ ድገሙት።

ማንቆርቆሩን ደግሞ ሁሉንም አትቅዱ። ከአንድ ስንኝ አንዱን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የስንኙ መጨረሻ ላይ ያለውን። በሀመር ኦንና በፑል ኦፍ፣ ማለትም ቀኝ እጅ አንዴ መትቶ ግራ እጅ ሦስት አራት ኖታ እያወጣ። ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተትም የማሲንቆውን ነገር ያመጣል። ፍሬት ያለው መሣሪያ በሁለት ፍሬት መካከል ያለውን ድምፅ በቀጥታ አይሰጥም፤ ክሩን ጎተት ማድረግ ግን ይቻላል።

ቅንብሬ ትክክል ነው፤ ግን ሰው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስልኩን ያወጣል። ለምን?

ግጥሙ ስለሌለ። ዘፋኙ አምስት ስንኝ በአንድ ዜማ ሲዘፍን ቃሉ ስለሚቀየር ሰው ይከተለዋል። ጊታሩ ግን አምስት ጊዜ አንድ ነገር ተናገረ። «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው፤ በአንድ ጊታር ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለት ስንኝ፣ አዝማች፣ የሶሎው ምርጥ ክፍል፣ አለቀ። ሁለተኛውን ስንኝ ስትደግሙት የሆነ ነገር ይቀየር። ዜማውን በታችኛው ኦክቴቭ አድርጉት። ወይም ቤዙን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ዜማውን ብቻውን ልቀቁት፤ ቤዙ ሲመለስ ባንዱ የገባ ይመስላል።

ማብቂያውንም አስቡበት። ብዙ ቀረጻ ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የሚጠፋው፤ እንዲህ ያለ ማብቂያ እፊታችሁ ለተቀመጠ ሰው ብዙ አያስኬድም፣ መቼ እንደሚያጨበጭብ አያውቅም። የመግቢያውን ሐረግ አንዴ መልሳችሁ ዋናው ኮርድ ላይ አቁሙ። የመጨረሻው ቤዝ ባዶ ክር ላይ እንዲወድቅ ኪዩን ቀድሞ መርጦ መጀመር ይረዳል።